የሆድ ሕመምና የገበያው መድኃኒት

በከሚሴ ለተሰበሰቡ የጤና ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአገራችን ምሳሌ የሚወቅሰው በሽተኛውን ነው። እኔ ዛሬ ልናገር የተነሣሁት ግን በሽታውን ሳይሆን የጠጣውን መድኃኒት ስለሚደብቅ ሰው፣ ደግሞም እንዲደብቅ ስለምናደርገው ስለ እኛ ስለ ባለሙያዎቹ ነው። ነገሩን በሆድ ሕመም በኩል እመለከተዋለሁ፤ ብዙ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ከመምጣቱ በፊት በቤቱና በገበያው የሚታከመው ይህን ሕመም ነውና።

እሑድ ሰንበቴ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ የወጣ ሰው ኦሮሞው ከአፋሩ፣ አማራው ከአርጎባው ጋር ሲገበያይ ያያል። ከቅመሙ መደብ ነጭ አዝሙድ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ፣ አብሽና ዝንጅብል አይታጡም። እነዚህ ሁሉ ለወጥ ብቻ የሚገዙ አይደሉም። ሆዱን የነፋው ነጭ አዝሙድ ያፈላል፤ የቆረጠው ፌጦ በሎሚ ይበጠብጣል፤ የደረቀበት ሰናመኪ ይጠጣል፤ የኮሶ ትል ያስቸገረው ደግሞ ኦሮሞዎች ሄጦ የሚሉትን ኮሶ ይፈልጋል።

ይህ ልማድ የእኛ ብቻ አይደለም። አዩርቬዳ የተባለው የህንዶች ጥንታዊ ሕክምና የጤና ሁሉ መሠረት የምግብ መፈጨት ነው ይላል። ከመድኃኒቶቹም ነጭ አዝሙድ፣ ዝንጅብልና አብሽ ይገኙባቸዋል። ህንዶች ቪዳንጋ የሚሉትን ፍሬ ለሆድ ትል ይሰጣሉ፤ የእኛው እንቆቆ የዚያው ዘመድ ነው፤ በሁለቱም ፍሬ ውስጥ ኤምቤሊን የተባለ ንጥረ ነገር ተገኝቷል። ባሕር የሚለያያቸው ሁለት ሕዝቦች ለአንድ ሕመም አንድ ወገን ተክል መምረጣቸው ከንቱ አጋጣሚ ነው ብሎ መናቅ አይገባም። ነገር ግን የዕድሜ ርዝመትም ሆነ የተጠቃሚ ብዛት ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ «የባህል መድኃኒት ለሆድ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም?» ብለን በጅምላ ከጠየቅን መልስ አናገኝም። ጥያቄው መከፈል አለበት፤ የትኛው ተክል፣ ለየትኛው በሽታ፣ በምን ያህል መጠን?

ጥቅማቸው የተመሰከረላቸው አሉ። ሰናመኪ ለሆድ ድርቀት በእርግጥ ይሠራል፤ የዓለም የጤና ድርጅትም ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አግብቶታል። ጫት የሚያዘወትርና በዚሁ ሆዱ የሚደርቅበት ሰው ግን ሰናመኪውን ከመደጋገም ይልቅ ውኃና አትክልት ቢያበዛ፣ ጫቱንም ቢቀንስ ይሻለዋል። ከአዩርቬዳ መድኃኒቶች መካከል ኢሳብጎል የተባለው የዘር ገለባ ለድርቀት መጥቀሙ በጥናት ተረጋግጧል። ዝንጅብልም በእርግዝና ጊዜ የሚመጣውን ማቅለሽለሽ ያስታግሣል። የነጭ አዝሙድ ዘይት ቲሞል የተባለ ተሕዋስያንን የሚቃወም ንጥረ ነገር አለው፤ ይሁን እንጂ በብልቃጥ ውስጥ ተሕዋስያንን ማሸነፍና የሰውን አንጀት መፈወስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የጨጓራ ቁስለትን እንመልከት። ማርሻልና ዋረን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 የአብዛኛው ቁስለት መነሻ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባል ባክቴሪያ መሆኑን ደረሱበት፤ ስለዚህም በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ይህ ባክቴሪያ የሚጠፋው አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ከፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች ጋር ተጣምሮ፣ ቀኑ ሳይጓደል ሲወሰድ ነው። ፌጦ በሎሚ ይህን አይተካም፤ የቆሰለውንም ጨጓራ ሊያቃጥለው ይችላል።

ወደ ኮሶ ልመለስ። ኮሶ የሚበቅለው በደጋ ነው፤ ወደ ከሚሴ ቆላ የሚወርደው ደርቆ ነው። ትል ማስወጣቱ እውነት ስለሆነም በ19ኛው መቶ ዘመን ከአገራችን ተወስዶ በአውሮፓ የመድኃኒት መጻሕፍት ገብቶ ነበር። ችግሩ መጠኑ ነው። አበባው ሲቆይ ኃይሉ ይደክማል፤ ትኩሱና የቆየው በአንድ ስፍር ቢሰፈሩ እኩል አይሆኑም። ሲበዛ ሰውነትን ይመርዛል፤ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል፤ ነፍሰ ጡርንም ሊያስወርዳት ይችላል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አልተማርሁትም። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ገና ወጣት ሳለሁ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ተረኛ ነበርሁ። አንድ አዛውንት ሲያስመልሳቸውና ሲያስቀምጣቸው አድረው መጡ። «አባባ፣ ምን ጠጥተው ነው? መቼም ያን ቅጠል ሳይቀማምሱ አይቀሩም!» አልኋቸው። ድምፄ የመርማሪ እንጂ የአካሚ አልነበረም። «ምንም አልጠጣሁ፣ ልጄ» አሉኝና አንገታቸውን ደፉ። የተበላሸ ምግብ ይሆናል ብዬ ፈሳሽ ሰጠኋቸው። በማግሥቱ ባለቤታቸው ወደ ጎን ጠርተው፣ ኮሶ ጠጥተው ትሉ ስላልወጣላቸው በሁለተኛው ቀን አብዝተው መድገማቸውን ነገሩኝ። አዛውንቱም «ፊትህ እንደ ጭጋግ ሆነብኝ» ያሉኝ በዚያው ቀን ነው። ወደ ሆስፒታል ላክናቸው። ሕይወታቸው ተረፈ፤ የዓይናቸው ብርሃን ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። እውነቱን በመጀመሪያው ቀን ባውቅ ዓይናቸውን አድን ነበር ብዬ አልመካም። አንድ ቀን ግን ጠፍቷል፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ።

ዛሬ ለኮሶ ትል ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ የሚባሉ፣ መጠናቸው የታወቀ መድኃኒቶች አሉን። ኮሶን ማክበርና ኮሶን መተካት አይጣሉም።

ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ተብሎ የሚሸጠውም እሽግ ቢሆን መመርመር ይገባዋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ገበያ ከተገኙ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ እንዳለባቸው ተመዝግቧል። እርሳስ ደግሞ ራሱ ሆድን የሚቆርጥና የሚያደርቅ መርዝ ነው። ሰውየው ሆዴን አመመኝ ብሎ የሆድ ሕመም ገዝቶ ይገባል ማለት ነው።

ፈጽሞ መዘግየት የማይገባባቸውም አሉ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን የሚያስፈልገው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር፣ ዚንክና የእናቱ ጡት ነው፤ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ለእርሱ ጠላት ነው። ትርፍ አንጀቱ ያበጠ ሰው የሚያስቀምጥ ነገር ቢጠጣ አንጀቱ ሊፈነዳ ይችላል። ደም ያስመለሰ፣ ዐይነ ምድሩ እንደ ቅጥራን የጠቆረ፣ ሆዱ እንደ ጣውላ የደረቀ፣ ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ቦታው ሆስፒታል ነው። ይህን ለሕዝቡ ብቻ ሳይሆን ለባህል ሐኪሞችም እንንገር። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው የአልማ አታ መግለጫ የባህል ሐኪሞችን ከመሠረታዊ ጤና አገልግሎት ተባባሪዎች መካከል ቆጥሯቸዋል፤ እኛ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ባላጋራ እንቆጥራቸዋለን።

ክቡራንና ክቡራት፤ የምለምናችሁ ነገር ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም። በሽተኛውን በሚሰማው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ይሁን በአማርኛ፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን «ለዚህ ሕመም እስካሁን ምን ወሰዱ? ምን ያህል? መቼ?» ብለን እንጠይቅ፤ መልሱንም በካርዱ ላይ እንጻፍ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት ካልተገኘለት፣ መድኃኒቱን እንዲደብቅ ያስፈራራነውን ሰው ማን ይፈውሰዋል?