ብድሩ ሲመጣ ጭብጨባ፣ ሲከፈል ዝምታ

 

ዛሬ የምናወራው ስለ በጀት ነው። «ይህ ደግሞ የኛ ጉዳይ ነው ወይ?» የሚል ካለ፣ ዘይት ልትገዛ ሱቅ ደርሳ ባዶ ጠርሙሷን ይዛ የተመለሰችውን እናቱን ይጠይቅ።

በ2007 ዓ.ም. መንግሥት በዩሮ ቦንድ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ፤ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ ነበር። ያን ጊዜ ጎልቶ የተወራው ዓለም አመነን የሚለው ነው። የመክፈሉ ነገር በለሆሳስ ታለፈ። ታኅሣሥ 2016 ላይ 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ የሚከፈልበት ቀን ደረሰ፤ አልተከፈለም። ገንዘቡ ጠፍቶ ሳይሆን አበዳሪዎችን በእኩል ዓይን ለማየት ነው ተባልን። ይሁን። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ። በዶላር የተበደርነውም በብር ሲቆጠር አበጠ። የ2017 በጀት በ971 ቢሊዮን ብር ጸደቀ፣ ዓመቱ ሳይጋመስ ወደ 582 ቢሊዮን ብር ተጨመረበት። የ2018ቱ 1.93 ትሪሊዮን ሆነ።

መንግሥት ለምን ገንዘብ አወጣ አንልም። መንገድም፣ ማዳበሪያም፣ የመምህር ደመወዝም ገንዘብ ይፈልጋል። የምንለው፣ ከዚህ ውስጥ ስንቱ ብድር እንደሆነና ከማን ኪስ እንደሚከፈል ጉሊት የምትቸረችር እናት በሚገባት ቋንቋ ይነገር ነው።

እኛስ? የመድረሳችንን ጣሪያ ስናድስ የቆርቆሮ ዕዳ ገባን። ሁለት ወር ደበቅነው። «ወላጆች እንዳይከፋቸው» አልን እንጂ እውነቱ አፍረን ነው። በመጨረሻ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ደብተሩን አውጥተን ስናነብ አንድ አባት ተቆጡ፦ «ልጆቼን ሐቅ ተናገሩ እያላችሁ የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ?» መልስ አልነበረንም። በሳምንቱ እኚሁ አባት የሁለት ቆርቆሮ ዋጋ ይዘው መጡ።

በዚህ እንቅስቃሴ ስም ከናንተ የሰበሰብነው ገንዘብም ሒሳቡ በጽሑፍ አልቀረበላችሁም። ይህን ሳናደርግ ባለሥልጣን ፊት ቆመን ስለ አማና ብናወራ ማን ይሰማናል? ለመጪው ጁምዓ ደብተሩን ይዘን እንመጣለን። ደረሰኝ በእጃችሁ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ከደብተሩ ጋር አብረን እናመሳክራለን።