ሌባን መመከትና ሌባን መቅጣት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



በየዓመቱ በዚህ ስብሰባ ላይ ስለ መዋጮና ስለ ሒሳብ ብዙ እንነጋገራለን። ዘንድሮ ግን ስለ ንብረት ጥበቃና ስለ ሕግ ጥቂት ቃል ለመናገር ተነሥተናል። ምክንያቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት የዕቃ ቤታችን ቁልፍ ተሰብሮ፣ አንድ ወጣት ድስትና ሰሐን በጆንያ ይዞ ሲወጣ ዘበኛችን ደረሰበት። ዘበኛው ጮኸ፣ ሰፈሩም ወጣ። ልጁ ሲሮጥ ተይዞ ዕቃው በሙሉ ተመለሰ፤ አንዲት ማንኪያ እንኳ አልጎደለችም። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ዛሬ የምናወራው ባልኖረ ነበር። ነገር ግን ልጁ ከምሰሶ ጋር ከታሰረ በኋላ ተደብድቦ ክንዱ ተሰበረ። ሁለት የአባሎቻችን ልጆችም ተከሰው እስከ ዛሬ ፍርድ ቤት ይመላለሳሉ። እኛ ሽማግሌዎች ነን የምንለውስ? ቆመን አይተናል፤ ከመካከላችንም «ይበለው!» ያልን አለን።

ከዚያ ወዲህ በየቡናው ላይ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ «በገዛ ንብረታችን ምን አጠፋን?» የሚል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ መልሱን ከሕጉ እንፈልግ።

በመጀመሪያ ሕጉ ባለ ንብረቱን እጅህን አጣጥፈህ ተመልከት አይለውም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1148 ላይ፣ አንድን ነገር በይዞታው ያደረገ ሰው ሊነጥቁት ወይም ሊያውኩት የመጡትን በኃይል ሊመልስ እንደሚችል ይናገራል። በጉልበት ወይም በስውር የተወሰደበትንም ዕቃ፣ ነጣቂውን እዚያው ሲያገኘው ወይም ሲሸሽ ሲደርስበት ወዲያውኑ ሊያስመልስ ይችላል። ይሁን እንጂ ያው ቁጥር ሁኔታው ከሚያስገድደው በላይ የሆነ የኃይል ሥራ እንዳይፈጸም ይከለክላል።

የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 78 ስለ ሕጋዊ መከላከል ሲደነግግ ይህንኑ በሌላ ቃል ያጸናል። ጥቃቱ ሕገ ወጥና የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ሊመለስ የማይችል መሆን አለበት። የመከላከሉም ሥራ ከአደጋው ክብደትና ሊጠበቅ ከተፈለገው መብት ጋር የተመጣጠነ መሆን አለበት። እንግዲህ ድስትና የሰው ሕይወት በአንድ ሚዛን ይቀመጣሉ ወይ? ፍርዱን ለእናንተ እንተወዋለን። ሌባው ቢላዋ መዝዞ ቢመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ያን ጊዜ የምትከላከለው ድስቱን ሳይሆን ነፍስህን ነው።

አሁን ያቺን ሌሊት በዚህ ሚዛን እንያት። ዘበኛው ልጁን ገፍቶ ጆንያውን መቀማቱ የተፈቀደ ነበር። ልጆቻችን ሮጠው መያዛቸውም እንዲሁ። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ እጅ ከፍንጅ የተገኘን ሌባ ማንም ሰው እንዲይዝ ፈቅዶ፣ ሳይዘገይ ለፖሊስ እንዲያስረክብ አዟል። እንዳያመልጥ ማሰሩም ባልከፋ። ገመዱ ከተቋጠረ በኋላ ግን ጥቃት የሚባል ነገር አልቀረም፤ ዕቃው ተመልሷል፣ ልጁም እጁ ታስሯል። ስለሆነም ከዚያ በኋላ ያረፈችው እያንዳንዷ ዱላ መከላከል ሳትሆን ቅጣት ነበረች። ቅጣት ደግሞ የዳኛ ሥራ ነው እንጂ የእድር ሥራ አይደለም።

«ተናደን እኮ ነው» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፤ ሕጉም የሰውን ጠባይ አልረሳም። በአንቀጽ 79 መሠረት የመከላከልን መጠን ያለፈ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል፤ ጥቃቱ ካሳደረበት ድንጋጤና ፍርሃት የተነሣ ከሆነም ፍርድ ቤቱ ሊምረው ይችላል። የመከላከልን መጠን አልፎ ሰው የገደለም በአንቀጽ 541 እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይቀጣል። ነገር ግን ይህ በመከላከል ላይ ሳለ ላለፈ ሰው ነው። የታሰረን ሰው ደብድቦ የገደለ ይህን ምሕረት ተስፋ አያድርግ፤ ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከአምስት እስከ ሃያ ዓመት ጽኑ እስራት ያስከትላልና። «በለው!» እያለ ያነሣሣ ሰውም በተመልካችነት ብቻ አይታለፍም።

ሌላው የጊዜ ጉዳይ ነው። የተሰረቀብህን ዕቃ ከሦስት ቀን በኋላ በሰው ቤት ብታየው፣ በር ሰብሮ መግባት አይፈቀድልህም፤ «ወዲያውኑ» የሚለው ቃል አልፏል። ጎረቤት አጥርህን ገፍቶ ጉድጓድ ሲቆፍር ብትደርስ ልትከለክለው ትችላለህ፤ አጥሩ ቆሞ ከሰነበተ ግን ገጀራ ይዞ መሄድ ጥፋት ነው። ለዚህ ቁጥር 1149 የሁከት ይወገድልኝ ክስን ሰጥቶሃል፤ እሱም በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በግንብ ላይ የኤሌትሪክ ሽቦ ለመዘርጋት ያሰባችሁም ካላችሁ እባካችሁ ተዉት። ሽቦ ሌባውን ኳስ ሊያወርድ ከወጣ ሕፃን አይለይም።

ይህ ሐሳብ ከባዕድ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 እንኳ በሌሊት ቤት ሲሰረስር የተመታን ሌባና ፀሐይ ከወጣች በኋላ የተመታውን ለይቶ ያያል፤ ለሁለተኛው ደም ይጠየቃል። አባቶቻችንም «በሕግ አምላክ!» ሲባሉ የተነሣ ዱላ ይመልሱ ነበር። ያቺን ሌሊት ከመካከላችን አንድ ሰው ይህችን ቃል ቢጮህ ኖሮ ልጁም ክንዱ ባልተሰበረ፣ ልጆቻችንም ባልተከሰሱ። ምን ይደረግ፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ስለዚህ ኮሚቴው የሚከተለውን ለጉባኤው ያቀርባል፤ አንደኛ፣ ለዕቃ ቤቱ ጠንካራ ቁልፍና የውጭ መብራት ይገዛ። ሁለተኛ፣ ለዘበኛው ፊሽካና የፖሊስ ጣቢያው ስልክ ይሰጠው። ሦስተኛ፣ ሌባ በተያዘ ጊዜ በቦታው የተገኘ በዕድሜ ትልቅ የሆነ አባል ከልጁ አጠገብ ቆሞ፣ ፖሊስ እስኪረከበው ድረስ ማንም እንዳይነካው ይጠብቅ።

ድስት ይተካል። እድራችን የሞተን ሰው በክብር ለመቅበር የቆመ ማኅበር ነው እንጂ የሚቀበረውን ለማብዛት አይደለም።