አሳታፊነት በምን ይለካል? ከስሜን ተራሮችና ከአብያተ ክርስቲያናት ደኖች የሚገኝ ትምህርት



የዛሬው ንግግሬ በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ያጠነጥናል። አንድ የአካባቢ ጥበቃ ሥራ «ኅብረተሰቡን ያሳተፈ ነው» ስንል፣ አባባላችንን በምን እንለካዋለን? በየሪፖርቱ የምናገኘው መለኪያ የተሰብሳቢው ቁጥር ነው፤ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ወጣት እንደ ተገኘ ይጻፋል። እነዚያ ሰዎች የተናገሩት በዕቅዱ ላይ ምን እንደ ለወጠ ግን እምብዛም አይጻፍም። መከራከሪያዬ አጭር ነው፦ በሕዝብ ሐሳብ ሊለወጥ የማይችል ዕቅድ ይዞ የሚጠራ ስብሰባ ማስታወቂያ እንጂ ምክክር አይደለም።

ብራዚላዊው የትምህርት ፈላስፋ ፓውሎ ፍሬሬ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በቺሊ በስደት ሳለ፣ «ኤክስቴንሽን ወይስ ኮሙኒኬሽን» የሚል ጽሑፍ አዘጋጅቶ ነበር። ሙግቱ የተነሣው ከቃሉ ነው። ኤክስቴንሽን ማለት መዘርጋት፣ ማድረስ ነው፤ ሰጪና ተቀባይ አለው። ፍሬሬ ግን ባለሙያውና ገበሬው ስለ አንድ ጉዳይ አብረው ካላሰቡ ኮሙኒኬሽን የለም አለ። በእኛም አገር የግብርና ሥራችን እስከ ዛሬ ኤክስቴንሽን ይባላል፤ ከአፋችን የማይጠፋው ሐረግም «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ነው። ሰዋስዉን ልብ በሉ፤ አንዱ አስጨባጭ ነው፣ ሌላው እጁን ዘርግቶ የሚጠብቅ።

ይህን ይዘን ወደ ስሜን ተራሮች እንውጣ። ብሔራዊ ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ሲሆን፣ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 የዋሊያ ቁጥር መመናመን፣ ሰፈራ፣ እርሻና ልቅ ግጦሽ ስላሳሰቡ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያ በኋላ የፓርኩ ወሰን እንደገና ተከለለ፤ በ2016 በፓርኩ ውስጥ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ እንዲዛወሩ ተደረገ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋ መዝገቡ ወጣ።

በጥበቃ መስፈርት ይህ ትልቅ ውጤት ነው፤ ዋጋውን ማሳነስ አልሻም። በኮሙኒኬሽን መስፈርት ስናየው ግን ሌላ ጥያቄ ይነሣል። ግቡ አስቀድሞ ከተቀመጠ፣ ለገበሬው የሚቀረው መነጋገሪያ ካሳው፣ ቦታውና ጊዜው ብቻ ነው። በደጋው ገብስ ዘርቶና ከብት አርብቶ የኖረ ሰው፣ ውርጩ የሚወርድበትን ወቅትና ሣሩ የሚያገግምበትን ጊዜ ያውቃል። ከመንደሩ ሲነሣ ይህ ዕውቀት አብሮት ይነሣል፤ ከተማ ሲደርስም የሚጠቀምበት መሬት አያገኝም።

ከዚሁ ከክልላችን የተለየ ምሳሌ አለ። በደቡብ ጎንደር አብዛኛው የተፈጥሮ ደን ጠፍቶ፣ የቀረው በአመዛኙ በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። የሥነ ምሕዳር ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እና አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሎውማን፣ ደኖቹ እየጠበቡ መሄዳቸውን ከሳተላይት በተነሡ ምስሎች ለካህናቱ አሳዩ። ከብት ገብቶ ቡቃያውን እንዳይበላ፣ በየደኑ ዙሪያ የድንጋይ ካብ መሥራት መፍትሔ ሆነ። ድንጋዩ ከአካባቢው ማሳ ስለሚለቀም ደኑ አጥር፣ ገበሬው የጸዳ እርሻ አገኙ። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ችግሩን የሚያሳይ ማስረጃ ነበር፤ ሥራው የቆመው ደግሞ በካህናቱ ሥልጣንና በምእመናኑ ጉልበት ላይ ነው።

ሁለቱ ጉዳዮች እኩል አይደሉም። ደኑን ማጠር ሰውን ከቀዬው ከማንሣት እጅግ ይቀላል። ነገር ግን ጉዳዩ በከበደ ቁጥር የምክክር አስፈላጊነት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ተማሪዎቻችን፤ ዩኒቨርሲቲያችን በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን ሲመሠረት፣ ተማሪ ወደ ገጠር ወርዶ በቡድን እንዲሠራ የማድረግ ልማድ አብሮ ተተክሏል። እናንተም ነገ ወደ መንደር ስትወርዱ ሦስት ጥያቄዎችን ያዙ። ችግሩን ችግር ያለው ማን ነው? ከዕቅዳችን ውስጥ ለመለወጥ ክፍት የሆነው የትኛው ክፍል ነው? በስብሰባው ዝም ያሉት፣ በተለይም ከኋላ የተቀመጡት እናቶች፣ ሐሳባቸውን የት ይናገራሉ? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ካጣችሁ ለሕዝቡ እውነቱን ንገሩት፤ «ልንነግራችሁ መጣን» በሉ። የተወሰነን ነገር «እንመካከር» ብሎ ማቅረብ፣ ሕዝቡ ለሚቀጥለው እውነተኛ ምክክር ያለውን እምነት ያሳጣል።