«መቼ ነው የምትጨርሺው?»

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በአንዲት አባል የተደረገ ንግግር



ስለ ዶክትሬት ትምህርቴ እንድናገር ስጠየቅ፣ ከእናንተ አብዝቼ የሰማሁትን ጥያቄ ልመልስ ብዬ አሰብኩ፤ «መቼ ነው የምትጨርሺው?» የሚለውን። በፍቅር እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። መልሱ ግን በተማሪዋ እጅ ብቻ አይደለም። ይህንን ካስረዳሁ በኋላ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ።

የተማርኩት ጄኔቫ አጠገብ ባለው በሰርን የምርምር ማዕከል ነው። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ፣ ከመሬት በታች 100 ሜትር ገደማ፣ ዙሪያው 27 ኪሎ ሜትር የሆነ ክብ ዋሻ አለ። በውስጡ ፕሮቶን የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች ከሁለት አቅጣጫ፣ የብርሃንን ፍጥነት በተጠጋ ፍጥነት እየሮጡ ይጋጫሉ። ከግጭቱ አዳዲስ ቅንጣቶች ይወጣሉ፤ ብዙዎቹ ወዲያው ይጠፋሉ። እኛ የምናጠናው ዱካቸውን ነው።

በአንድ ሴኮንድ ወደ አንድ ቢሊዮን ግጭት ይደረጋል። ሁሉን መዝግቦ ማስቀመጥ አይቻልም። ስለዚህ ዱቄት በወንፊት እንደምንነፋው፣ መረጃውም ይነፋል፤ የሚቀመጠው ከብዙው ጥቂቱ ነው። የተጣለው ደግሞ ተመልሶ አይገኝም። ወንፊቱን በትክክል ማዘጋጀት ራሱ የወራት ሥራ ነው።

ሥራው የደቦ ሥራ ነው። አትላስ የሚባለው ሙከራ በሚያወጣው ጽሑፍ ላይ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ስም ይሰፍራል፤ ፕሮፌሰሩም ተማሪዋም በፊደል ተራ። አዲስ ተማሪ ስሟ እንዲገባ መጀመሪያ ለሁሉም የሚጠቅም ሥራ አንድ ዓመት ያህል ትሠራለች። በመቆጣጠሪያ ክፍል ሌሊት ተረኛ መሆንም አለ። የራሷን ውጤት እንኳ ቶሎ አታይም። አዲስ ነገር ሊገኝበት የሚችለው የመረጃ ክፍል ተሸፍኖ ይቆያል፤ የሚገለጠው ዘዴዋን ሌሎች መርምረው ካጸደቁ በኋላ ነው። ሰው የሚመኘውን ማየት ስለሚቀናው ነው።

ማሽኑም የራሱ ጊዜ አለው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን 2008 ሥራ ጀመረ፤ በዘጠነኛው ቀን የኤሌክትሪክ መገናኛ ተበላሽቶ የማቀዝቀዣው ሄሊየም ፈሰሰ፣ ማግኔቶችም ተጎዱ። እንደገና የተነሣው በኖቬምበር 2009 ነበር። ያን ጊዜ መረጃ ስትጠብቅ የነበረች ተማሪ የዘገየችው ሰንፋ አይደለም።

ሌላም ልንገራችሁ። በዲሴምበር 2015 ሁለቱ ትልልቅ ሙከራዎች፣ አትላስና ሲ.ኤም.ኤስ.፣ ያልተጠበቀ ምልክት አዩ። አዲስ ቅንጣት ይሆናል ተብሎ በመቶ የሚቆጠሩ ጽሑፎች ተጻፉ። በኦገስት 2016፣ ብዙ መረጃ ሲጨመር፣ ምልክቱ ጠፋ። ማንም አላጭበረበረም፤ አጋጣሚ ነበር። «አገኘን» የሚባለው ነገሩ እንዲሁ በአጋጣሚ የመታየቱ ዕድል ከሦስት ሚሊዮን አንድ እንኳ ሳይሞላ ነው። በጁላይ 4 ቀን 2012 ሂግስ ቦዞን ተገኘ ሲባል ይህ ሚዛን ተሟልቶ ነበር። ያን ቀን የአትላስን ውጤት ያቀረቡት ፋቢዮላ ጃኖቲ በ2016 የሰርን የመጀመሪያዋ ሴት ዋና ዳይሬክተር ሆኑ።

እኔ የፈለግሁት ቅንጣት አልተገኘም። አንዲት እናታችን «ታዲያ ምን ብለው ዶክተር አሉሽ?» ብለው ጠይቀውኛል። ውኃ ፍለጋ ጉድጓድ የቆፈረ ሰው ውኃ ባያገኝም፣ በትክክል ከቆፈረና ጥልቀቱን ከመዘገበ፣ የሚቀጥለው ሰው እዚያው እንዳይደክም ያደርጋል። የተሰጠኝ ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ሐሳቤ። የትምህርት ድጋፋችን እስካሁን ለጀማሪዎች ነው። የዶክትሬት ድጎማ ግን ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዓመት ቆይቶ ያልቃል፤ ሥራው በማጽደቅ ወረፋ ላይ እያለ፣ ጽሑፉም ሳይጠናቀቅ። ልጅ ያላት ሴት ትታ ለመውጣት የምትፈተነው ያኔ ነው። ስለዚህ ከፈንዱ የተወሰነው ለመጨረሻው ዓመት እንዲቀመጥ፣ እኛም የሌሊት ተረኛ ለሆነች እናት ልጅ በተራ እንድንጠብቅ እጠይቃለሁ። ደጋፊዎቻችንም የረዳችኋት ልጅ «ምንም አላገኘሁም» ብላ ብትጽፍላችሁ ገንዘባችሁ ባከነ ማለት አይደለም። በሐቅ ሠርታ እንደሆነ ጠይቁ።

እኔ ጨርሻለሁ፤ የምጠይቀው ለሚከተሉት ነው። ሐሳቡን ለሥራ አመራር ኮሚቴው በጽሑፍ ሰጥቻለሁ፤ እንድትወያዩበት በትሕትና አሳስባለሁ።