ስለ ወገብ ሕመምና ስለ ኦዞን መርፌ

(የማኅበራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያደረገው ንግግር)



እንደምታውቁት ከአባሎቻችን አንዷ፣ እንጀራ እየጋገሩ ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናት፣ በወገብ ሕመም ከተኙ አራት ወር ሊሞላቸው ነው። ሕመሙ ከወገባቸው ተነሥቶ በመቀመጫ በኩል እስከ እግር ጣታቸው ይወርዳል። በቅርቡ አንድ ሰው ቤታቸው ድረስ መጥቶ «ውጭ አገር የኦዞን መርፌ አለ፤ አንድ ጊዜ ተወግተው በማግሥቱ ይነሣሉ» አላቸው። እሳቸውም ቤታቸውን ሊሸጡ አስበዋል፤ ማኅበሩም እንዲያዋጣ ጥያቄ ቀርቧል። ኮሚቴው «አጣርተህ አስረዳ» ስላለኝ፣ ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ቢሆንም፣ ሐኪም ጠይቄ፣ የተጻፈውንም ሰው እያስነበብኩ የተረዳሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

በጀርባችን አጥንት አንጓና አንጓ መካከል ዲስክ የሚባል ትራስ የመሰለ ነገር አለ። ዳሩ ጠንካራ፣ መሐሉ ውሃ የበዛበት ዝልግልግ ነው። ዳሩ ሲሰነጠቅ ዝልግልጉ ወጣ ይልና ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ይጫነዋል፤ አካባቢውም ይቆጣል። ወጌሻን አልነቅፍም፤ የወለቀ ክንድ ሲመልሱ አይተናል። ዲስክ ግን በማሸት አይመለስም።

ኦዞን ደግሞ ጋዝ ነው። የምንተነፍሰው ኦክሲጅን ሁለት አተም ሲሆን ኦዞን ሦስት አተም ነው። ቶሎ ስለሚበተን በጠርሙስ ተቀምጦ አይሸጥም፤ እዚያው ሕክምና ክፍል ውስጥ በመሣሪያ ከኦክሲጅን ይሠራል። በመርፌ የሚገባውም ጥቂት ሚሊ ሊትር ብቻ ሲሆን አብዛኛው ኦክሲጅን ነው፤ ኦዞኑ በአንድ ሚሊ ሊትር ከ25 እስከ 30 ማይክሮ ግራም ቢሆን ነው። ታዲያ አየር ምን ሊፈይድ? ትሉ ይሆናል። እኔም ጠይቄያለሁ። ዝልግልጉ ውሃ የሚይዝበትን ነገር ይሰብረዋል፤ ውሃው ሲወጣ ዲስኩ ጥቂት ይሟሽሽና በነርቩ ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል፤ ቁጣውንም ያበርዳል ይላሉ።

ዲስክ ውስጥ የሚገባ መርፌ እንደ ክንድ መርፌ በግምት አይወጋም። በሽተኛው በሆዱ ይተኛል፣ ቆዳው ይደነዝዛል፤ ሐኪሙም በሲቲ ስካን ወይም ወዲያው በሚያሳይ ራጅ እያየ ቀጭኑን መርፌ ዲስኩ መሐል ያደርሰዋል። ያለ ምስል ልውጋ የሚል ቢመጣ፣ ጨለማ ውስጥ መርፌ ላይ ክር ላስገባ እንደሚል ሰው ነው፤ ነርቩና የደም ሥሩ እዚያው አጠገብ ናቸው።

ይጠቅማል ወይ? ነገሩ ውሸት አይደለም። ሕክምናው በብዛት የተስፋፋው በኢጣሊያ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ የኢጣሊያ ሐኪሞች ጥናት 159 በሽተኞችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን የስቴሮይድ መርፌ፣ ለሌላው ስቴሮይድ ከኦዞን ጋር ሰጠ። ከስድስት ወር በኋላ ከመጀመሪያዎቹ ከመቶ 47፣ ከሁለተኞቹ ከመቶ 74 ተሽሏቸው ተገኙ። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ኦዞንን ከቀዶ ሕክምና ጋር አወዳድሮ፣ ኦዞን ከተወጉት ከመቶ 71 ቢላዋ ሳይነካቸው ቀርተዋል። ነገር ግን የተጠኑት በሁለቱም ወገን 49 ሰዎች ብቻ ናቸው። አስተውሉ፤ 74 ማለት መቶ ማለት አይደለም፤ «በማግሥቱ ይነሣሉ» የሚል ነገርም የለበትም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በበኩሉ ኦዞን መርዛማ ጋዝ ነው፣ ለሕክምና የታወቀ ጥቅም የለውም የሚል ደንብ እንዳለው ነው። ጋዙ ወደ ሳንባ ከገባ ሳንባን ይጎዳል። መርፌውም እንደማንኛውም መርፌ ቁስል ሊያመረቅዝ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ ባይሆንም።

እኔን የሚከብደኝ ግን ሌላ ነው። እኚህ እናት እስካሁን ኤም.አር.አይ. አልተነሡም። ሕመሙ ከዲስክ ይሁን ከሌላ ማን አየ? በአገራችን የሳንባ ነቀርሳ የጀርባ አጥንትን ሲይዝም ወገብ ያማል፤ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክሳት ካለ እሱ መመርመር አለበት። ለእሱ መድኃኒቱ የቲቢ ክኒን ነው እንጂ ኦዞን አይደለም። ዲስክ ሆኖ ከተገኘም ከተጠኑት ከግማሽ በላይ የሆኑት የወጣው ዲስክ በወራት ውስጥ ራሱ ሲሟሽሽ ታይቷል። ሌላም ልብ በሉ፤ ማንም ሰው ሽንት እንቢ ካለው፣ መቀመጫው አካባቢ ከደነዘዘ፣ ወይም እግሩ እየሰነፈ ከሄደ ቀጠሮ ሳይጠብቅ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ይወሰድ። ይህ የኦዞን ጉዳይ አይደለም፣ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው።

የኮሚቴው ሐሳብ ይህ ነው። የኤም.አር.አይ. እና የነርቭ ሐኪም ወጪ ከመጠባበቂያው ሣጥን ይከፈል፤ ውጤቱ እስኪታወቅ ቤቱ አይሸጥ፤ ለዚያ ሰውም ቀብድ አይሰጥ። ሐኪሙ ራሱ መርፌውን ካዘዘ የመዋጮው ነገር እንደገና ለጉባኤው ይቀርባል። እሳቸውን አነጋግረናል፣ «ማኅበሩ ካለ እጠብቃለሁ» ብለዋል። ድምፅ የሚሰጠው በመጪው እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። መምጣት የማይችል በጎረቤቱ በኩል ወረቀት ይላክ፤ መኪና ያለውም ለምርመራው ቀን ቢያስታውቀን እንመዘግበዋለን፣ ታክሲ ላይ መቀመጥ አልቻሉምና።