ውሃው ከየት ይመጣል?

በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር




የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ንግግር እንዳደርግ በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ መሠረት አጣጣል ወይም ስለ ውሃ መስመር ዝርጋታ እናገራለሁ ብለው ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኔ ግን ይዤ የቀረብሁት ርእስ የዕረፍት ጉዞ ነው፤ ያውም የድሎት ጉዞ፣ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች። ርእሱን ባስታወቅሁ ጊዜ ከአዘጋጆቹ አንዱ ሥቆ፣ «ለመሆኑ ፈቃዱን የሚያርፍበት መሐንዲስ አለ?» አለኝ። ቀልዱ ከእውነት የራቀ አይደለም። እኔ ራሴ ሥራ ከያዝሁ 13 ዓመት ሲሆነኝ፣ ከሠርጌ ሳምንት በስተቀር የዓመት ፈቃዴን ለዕረፍት አውዬው አላውቅም። ወይ ለቤት እድሳት፣ ወይ ለለቅሶ፣ አለዚያም ለሌላ ሥራ ውሎአል። በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት መካከል እጁን አውጥቶ «እኔስ» የሚል ብዙ ሰው እንደማይኖር እገምታለሁ።

እኔና ባለቤቴ ግን የጋብቻችንን 10ኛ ዓመት በማልዲቭስ እናከብራለን ብለን፣ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በየወሩ ጥቂት ብር ስናስቀምጥ ቆይተን ነበር። ከአንድ የጉዞ ወኪል ቤት ያመጣነውን ባለ ቀለም መጽሔት አንድ እሑድ ለአባቴ አሳየኋቸው። በውሃ ላይ በእንጨት ምሰሶዎች የቆመ ቤት፣ ከበረንዳው ወደ ባሕር የሚያወርድ መሰላል፣ ለእያንዳንዱ ክፍል የየራሱ የመዋኛ ገንዳ ይታያል። አባቴ መነጽራቸውን አድርገው ገጹን በጥሞና ተመለከቱና፣ «ውሃው ከየት ይመጣል?» ሲሉ ጠየቁኝ። ቀጥለውም፣ «ሽንት ቤቱስ ወዴት ይሄዳል?» አሉ። ባለቤቴ ሣቀች። እኔ ግን አልሣቅሁም፤ በሙያዬ የውሃና የፍሳሽ መሐንዲስ ሆኜ ሳለ ጥያቄው አስቀድሞ ወደ እኔ አለመምጣቱ አሳፍሮኛልና።

የአባቴ ጥያቄ ከየት እንደ መጣ መናገር ይገባኛል። አባቴ ወጣትነታቸውን ያሳለፉት በምጽዋ ነው፤ በባሕር ኃይል የጀልባ ሞተር መካኒክ ነበሩ። ከሥራቸው አንዱ ወደ ዳህላክ ደሴቶች ውሃ ለምትመላለስ ጀልባ ሞተር መጠበቅ ነበር። ጀልባዋ በተበላሸች ቁጥር በደሴቱ ላይ ያሉት ሰዎች ውሃቸውን በጣሳ መለካት ይጀምራሉ ይላሉ። ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ ከመያዟ ጥቂት ወራት ቀደም ብለው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ እኔም በዚያው ዓመት ተወለድሁ። ከዚያ ወዲህ ቂርቆስ ውስጥ በአንድ ጋራዥ ሠርተው አሳደጉን። ባሕር ዳግመኛ አላዩም።

ለጥያቄያቸው መልስ ለማግኘት ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥሁ። ማልዲቭስ 1,200 ያህል ደሴቶች ያሏት አገር ስትሆን፣ መሬቷ በአብዛኛው ከባሕር ጠለል በላይ ከ1 ሜትር ተኩል አይበልጥም። ተራራ የለ፣ ወንዝ የለ። ዝናቡ በኮራል አሸዋ ውስጥ ሰርጎ ይገባና፣ ከጨዋማው ውሃ ቀለል ስለሚል በላዩ ይንሳፈፋል። ጋይበንና ሄርዝበርግ በተባሉት ሊቃውንት ስም የሚጠራውን ሕግ ከትምህርት ቤት ታስታውሱታላችሁ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሜትር ከፍ ብሎ የተገኘ ጨው አልባ ውሃ፣ ከጠለሉ በታች 40 ሜትር ያህል ይወርዳል። መልካም ዜና ይመስላል። ነገር ግን ሕጉ ሲገለበጥ፣ በፓምፕ ስበን የላዩን 1 ሜትር ዝቅ ብናደርግ ከሥር 40 ሜትር ጨው ወደ ላይ ይመጣብናል ማለት ነው። በትንሽ ደሴት ላይ ደግሞ የላዩ ከፍታ የሚለካው በሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ለእንግዳ ገንዳ የሚሆን ውሃ ከጉድጓድ አይገኝም።

የሚገኘው ከባሕሩ ነው። በ1 ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ይህን ውሃ ሜምብሬን በሚባለው ስስ ማጣሪያ ለማሳለፍ ከ55 እስከ 70 ባር የሚደርስ ግፊት ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ንጹሕ ውሃም ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይጠፋል። አንድ የድሎት እንግዳ ገንዳውን፣ አትክልቱንና እጥበቱን ጨምሮ በቀን 500 ሊትር ይፈጃል ብዬ አሰላሁ። 100 እንግዶች ቢሆኑ 50 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 200 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ደሴቱ በናፍጣ ጄኔሬተር የሚተዳደር ከሆነ፣ ለውሃ ብቻ በየቀኑ ከ50 ሊትር በላይ ናፍጣ በመርከብ መምጣት አለበት። አባቴን ይህን ሂሳብ ባሳየኋቸው ጊዜ፣ «ያው የእኛው ጀልባ ናት፤ ውሃ በመጫን ፈንታ ናፍጣ ጫነች» አሉ። ከዚያ የተሻለ ማጠቃለያ ለመስጠት አልቻልሁም።

ነገሩ ሲሰናከል ምን እንደሚሆን ደግሞ በኅዳር 2007 ዓ.ም. በማሌ ከተማ ታይቶአል። የማልዲቭስ ዋና ከተማ ውሃ ሁሉ ይወጣበት በነበረው የጨው ማጣሪያ ተቋም እሳት ተነሥቶ ሥራው ቆመ። ከ100,000 በላይ የሚሆን ሕዝብ በውቅያኖስ ተከቦ የሚጠጣው አጣ፤ ሕንድም በአውሮፕላንና በመርከብ ውሃ ላከች። በውሃ ሥራ ላይ ያላችሁ ጓደኞቼ ይህን ታሪክ ከወጣት ሠራተኞቻችሁ ጋር ብትወያዩበት እወዳለሁ። አንድ ከተማ በአንድ ተቋም ላይ ብቻ ሲንጠለጠል ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላገኘሁም። የሽንት ቤቱን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። ቧንቧው በእንጨቱ መተላለፊያ ሥር ተሰውሮ ወደ ደሴቱ ይመለሳል፤ በዚያም ይጣራል። መጽሔቱ የዚህን ቧንቧ ሥዕል አላወጣም።

ይህን ሁሉ ሳሰላ አንድ ነገር ታወሰኝ። እኛ የካዛንቺስ ልጆች በልጅነታችን ከሩቅ የምናየው የድሎት ደሴት ነበረን፤ እርሱም የሂልተን ሆቴል መዋኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የተከፈተው ይህ ሆቴል፣ ገንዳው የላሊበላውን የቤተ ጊዮርጊስ መስቀል ቅርጽ የያዘ ሲሆን፣ ውሃው ከምድር ውስጥ የሚፈልቅ ፍል ውሃ ነው። እንጦጦ ላይ የነበረው ቤተ መንግሥት ወደ ታች የወረደበት፣ አዲስ አበባም የተቆረቆረችበት ምክንያት የሆነው የፍል ውሃ ምንጭ የሚገኘው ከዚያው አካባቢ ነው። ያን ጊዜ የሠሩት ሰዎች ቦታው ራሱ የሰጣቸውን ተጠቅመዋል፤ ይህን ሳላደንቅ አላልፍም። ዛሬ በካዛንቺስ የቆሙት ረጃጅም ሆቴሎች ግን በአመዛኙ በየራሳቸው ደሴት ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ ታንከር፣ የራሱ ጄኔሬተር፣ አንዳንዱም የራሱ ጉድጓድ አለው። ውሃ በፈረቃ በሚዳረስበት ሰሞን ከአጥሩ ወዲህ ጀሪካን ተሰልፎ፣ ከአጥሩ ወዲያ ሻወር ሲፈስ አይተናል። የካዛንቺስ ስም ራሱ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ነው። ለጥቂቶች የተሟላ ቤት ሠርቶ ዙሪያውን መርሳት በሰፈራችን እንግዳ ነገር አልነበረም። ይህን ስል ሆቴሎቹን መውቀሴ አይደለም፤ ከነደፏቸው መካከል እኔም አለሁበት።

ወደ ዕቅዳችን ልመለስ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በተደረገ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። የቆጠብነው ገንዘብ በቁጥር አልተነካም፤ በማልዲቭስ የሚገዛው ሌሊት ግን ወደ ግማሽ ወረደ። ባለቤቴ መጽሔቱን በመሳቢያ ውስጥ አስገባችው። ስለ ጉዞውም ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም።

በ2017 ዓ.ም. ያደግንበት የካዛንቺስ ቤት ለመልሶ ማልማት ሊፈርስ ሆነና ዕቃ ለማውጣት ሄድን። ከቁም ሣጥኑ ግርጌ አንድ ፎቶግራፍ ተገኘ፤ ሦስት ወጣቶች ካኒቴራ ለብሰው በጀልባ አፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከኋላቸው ነጭ አሸዋ አለ። መካከለኛው አባቴ ናቸው። «የት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ዳህላክ» አሉኝ። ጣራው ተነሥቶ ስለ ነበር ፀሐይ በቀጥታ ገብታ ፎቶግራፉ ላይ አርፋለች። ብዙ ጊዜ ይዘውት ቆሙ። ባለቤቴ እኔን ተመለከተች፤ ያን ዕለት ማታ መጽሔቱ ከመሳቢያው ወጣ። ዕቅዱ ግን ተለወጠ፤ የሁለት ሰው የነበረው የአራት ሆነ፣ አባቴና የ6 ዓመት ልጃችን ተጨመሩበት።

መጀመሪያ ያሰብሁት፣ እንደምትገምቱት፣ ዳህላክን ራሱን ነበር። ከ100 በላይ ደሴቶች ያሉበት፣ ለእኛ ከማንኛውም የሚቀርብ ነው። በዳህላክ ከቢር የጥንት ሰዎች ከኮራል ዐለት የፈለፈሏቸው የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያዎች አሉ፤ በአፈ ታሪክ ቁጥራቸው እንደ ዓመቱ ቀናት 365 ነው ይባላል። ያለ ፓምፕና ያለ ናፍጣ የአባቴን ጥያቄ የመለሱ መሐንዲሶች ናቸውና ሥራቸውን በዓይኔ ለማየት እጓጓለሁ። ነገር ግን በሐምሌ 2010 ዓ.ም. የተጀመረው የአዲስ አበባና የአሥመራ በረራ በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ተቋርጦአል። ስለ ፖለቲካው አልናገርም። አባቴም «አይሆንም» ብቻ ብለው ዝም አሉ።

ከዚያ በኋላ ሲሸልስን መረጥን። ምክንያቴ ከብዙ በጥቂቱ ይህ ነው። የሲሸልስ 115 ደሴቶች በሁለት ይከፈላሉ፤ ዳርቻ ያሉት ኮራል ሲሆኑ፣ ማሄ፣ ፕራሊንና ላ ዲግ ግን ጥቁር ድንጋያቸው ግራናይት ነው። በማሄ 905 ሜትር የሚደርስ ተራራ ስላለ ደመና ያግዳል፣ ዝናብ ያወርዳል፣ ጅረት አለው። በድርቅ ወራት ይህ ስለማይበቃ የጨው ማጣሪያ ይጨምሩበታል፤ ይሁን እንጂ በሁለት እግር መቆም በአንድ ከመቆም ይሻላል። ከአዲስ አበባ በቀጥታ የአየር መንገዳችን አውሮፕላን ይሄዳል፤ ርቀቱ 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በረራው 4 ሰዓት ገደማ ነው። ለ70 ዓመት አዛውንት በሌላ አገር አውሮፕላን ከመቀየር ይህ ይመረጣል። በማልዲቭስ ደግሞ ወደ ሩቅ ደሴቶች የሚያደርሱት በውሃ ላይ የሚያርፉ ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚበሩት በቀን ብርሃን ብቻ ስለሆነ፣ አመሻሽ ላይ የደረሰ መንገደኛ ለአንድ ተጨማሪ ሌሊት ማሌ ላይ ይከፍላል።

ወቅቱን ስመርጥ ተሳስቼ ነበር። እኛ የግንባታ ሰዎች ፈቃድ የሚቀናን በክረምት ነው፤ ዝናቡ ሥራውን ያቀዘቅዘዋልና። በሲሸልስ ግን ከግንቦት እስከ መስከረም ከደቡብ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስ ባሕሩን ያናውጠዋል፤ ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ድረስ ደግሞ የሰሜን ምዕራቡ ነፋስ ዝናብ ይዞ ይመጣል። ነፋሱ የሚለዋወጥባቸው፣ ባሕሩም የሚረጋባቸው ወራት ሚያዝያና ጥቅምት ናቸው። ጥቅምትን ያዝሁ። አለቃዬ በጥቅምት ፈቃድ ስጠይቀው መልሶ ያየኝን አስተያየት አልረሳውም፤ ቢሆንም ፈረመ።

የድሎቱ ነገር ቀነሰ። በመጽሔቱ የነበረው ባለ ገንዳ ቤት ቀርቶ፣ በላ ዲግ አንዲት ባለ ሦስት ክፍል የእንግዳ ማረፊያ ለ6 ሌሊት ይዘናል። ከማሄ እስከ ፕራሊን 1 ሰዓት ያህል፣ ከዚያ እስከ ላ ዲግ 15 ደቂቃ በጀልባ ነው፤ በደሴቲቱ መኪና ጥቂት በመሆኑ ሰው በብስክሌት ይሄዳል። ባለቤቴ በዚህ ቅር ትላለች ብዬ ፈርቼ ነበር። «ገንዳ እዚህም አለ፤ የማይገኘው ባሕሩ ነው» አለችኝ።

የቀረው ወረቀት ነው። ሲሸልስ ከእኛ አገር ሰው ቪዛ አትጠይቅም፤ ከጉዞ በፊት በኢንተርኔት የሚሞላ ፈቃድ፣ የመመለሻ ቲኬት፣ የማረፊያ ማስረጃና ከእኛ አገር ለሚሄድ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይበቃል። አስቸጋሪ የሆነው የአባቴ ፓስፖርት ነበር። 30 ዓመት ያህል ብረትና ቤንዚን የነካው ጣታቸው አሻራ አልሰጥ አለ። ሁለት ጊዜ ተመለስን። በሦስተኛው ቀን እጃቸውን ሌሊቱን በቫዝሊን አሽተው አደሩና መሣሪያው ተቀበላቸው። ሲወጡ አውራ ጣታቸውን ወደ ፀሐይ አንሥተው እየተመለከቱ፣ «አሁንም አለሁ ማለት ነው» አሉኝ።

ባለፈው ሳምንት ለማረፊያው ባለቤት፣ አባቴ መካኒክ እንደ ነበሩ ገልጬ፣ የቤቱን የውሃ አቅርቦት እንዲያሳዩአቸው በደብዳቤ ጠየቅሁ። ሴትዮዋ መለሱልኝ፤ ከወጥ ቤቱ ጀርባ የዝናብ ውሃ ታንከር እንዳለና አንድ አሮጌ ፓምፕ ወደ ላይ እንደሚገፋው፣ እርሱም አልፎ አልፎ እንደሚያስቸግራቸው ጽፈዋል። ለአባቴ አነበብሁላቸው። «የማን ሥሪት ነው?» አሉ። ይህንኑ ጽፌ ጠይቄአለሁ፤ መልሱን እየጠበቅን ነው።