የጉማሬው መንገድ



አዘጋጆቹ «ከሥራ ዓለም ያገኘኸውን አንድ ትምህርት አካፍለን» ሲሉኝ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ሕንፃ የማወራ መስሏቸው ይሆናል። እኔ ግን የማወራችሁ ስለ ጉማሬ ነው። ታሪኩን ከጓደኞቼ የሰማችሁ አላችሁ። እነሱ ሲያወሩት ጉማሬው አባርሮ ዛፍ ላይ ያወጣኛል። ዛፍ ላይስ አልወጣሁም። እውነተኛው ታሪክ ግን ከዛፉ የባሰ ያሳፍራል።

እንደምታውቁት ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። ከተመረቅን ጥቂት ዓመታት በኋላ በላንጋኖ ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ደኑ ወደ ውኃው በሚጠጋበት በኩል፣ የአንድ መዝናኛ ግንባታ ላይ ሠርቼ ነበር። ቦታውን መቀየስና ማዕበሉ ዳርቻውን እንዳይበላው የሚከላከል ግንብ መንደፍ የእኔ ድርሻ ነበር። ቅየሳውን ያካሄድነው በበጋ ነው። ከአሸዋው ተነሥቶ ወደ ሣሩ የሚወጣ፣ አንድ ክንድ ያህል የጠለቀ ቦይ አገኘሁ። ካርታዬ ላይ «የጎርፍ ቦይ፣ ይሞላ» ብዬ ጻፍኩ።

ያን ጊዜ ዕቃችንን ይጠብቁልን የነበሩ የአካባቢው ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው ነበር። «ኢንጂነር፣ ይሄ እኮ የጉማሬ መንገድ ነው» አሉኝ። «እሺ አባባ» አልኩ። እሺ ያልኩት ለአክብሮት ያህል እንጂ አልሰማኋቸውም። ቦዩ ተሞላ፤ በላዩም ከወገብ ከፍ የሚል የድንጋይ ግንብ ቆመ።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ለመስቀል በዓል፣ ባለቤቴንና የአሥር ዓመት ልጄን ይዤ እዚያው ሄድኩ። ለዕረፍት ነው ብልም፣ እውነቱን ለመናገር ሥራዬን ላሳያቸው ነበር። ላንጋኖን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቢልሃርዚያ የለበትም ስለሚባል ሰው ሳይሰጋ ይዋኝበታል። ውኃው ግን በደቃቅ አፈር የተነሣ ቡናማ ነው፤ ክንዳችሁን ብትነክሩ ጣታችሁን አታዩትም። ከሥሩ ምን እንዳለም አታውቁም።

በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል እነዚያ ሽማግሌ መጡ። አሁን የግቢው ጥበቃ ሆነዋል። «መሽቷል፣ ከአሸዋው ላይ ውጡ» አሉን። «አምስት ደቂቃ ብቻ አባባ» አልኩ። አያችሁ፣ ይኸው ሁለተኛ ጊዜ።

ልጄ ከውኃው ጠርዝ እግሯን እየታጠበች ነበር። እኛ ከግንቡ ሥር ተቀምጠናል። ሠላሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ውኃው ጎበጥ አለ፤ ከዚያ ጉብታው ወጣና በአራት እግሩ መራመድ ጀመረ። አሸዋውን አቋርጦ ግንቡ ጋ ደረሰ፤ ከዚያም ዞሮ የግንቡን ሥር ይዞ ወደ እኛ መጣ። እየሮጠ አልነበረም። እንደ ሁልጊዜው በመንገዱ የሚሄድ ፍጡር ነው የሚመስለው።

ልጄን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣኝም። ሽማግሌው ከግንቡ ላይ ሆነው ቀስ ባለ ድምፅ «አትጩሁ፣ አትሩጡ። የኔ ልጅ፣ ውኃውን ተዪና ወደኔ ነይ» አሏት። መጣች። ብብቷን ይዘው አወጧት። ቀጥሎ ባለቤቴን፣ በመጨረሻ እኔን ጎተቱኝ። ከአንድ ቶን ተኩል በላይ የሚመዝነው ያ እንስሳ ከእግራችን ሥር አለፈ። ትንፋሹ ይሰማ ነበር። ጉማሬ እንዲህ ያለ ግንብ መውጣት አይችልም፤ ስለዚህ ግንቤ ልጄን አድኗታል ማለት እችላለሁ። ግን ወደዚያ ያመጣውም ያው ግንቤ ነው።

ልጄ «አባዬ፣ የት ነው የሚሄደው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አላውቅም። ሽማግሌው መለሱላት፦ «ሣር ሊበላ ነው። መንገዱ በዚህ ነበር፤ አሁን ዞሮ ይሄዳል።» ወደ እኔ አላዩም። ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠዋት ግንቡ እስከሚያልቅበት ሄድኩ። እዚያ የአንድ ገበሬ የበቆሎ ማሳ አለ። እሸቱ ደርሷል፤ ከጫፍ በኩል ያለው ግን ተረግጦ ተኝቷል። ማሳው መሃል ማማ ቆሟል። ገበሬው እንደነገሩኝ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸው በየተራ ማማው ላይ እያደሩ ጀሪካን ይደበድባሉ። ጠዋት ደግሞ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። «እዚያ ይተኛሉ ይለኛል አስተማሪው» አሉ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ስጠይቃቸው በእጃቸው ወደ ግንቡ አመለከቱኝ። ማን እንደነደፈው አልነገርኳቸውም። ይህን የምናገረው ዛሬ ገና ነው።

ወገኖቼ፣ ያላወቅሁት ነገር ምሥጢር አልነበረም። ጉማሬ ቀን ከውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ግራም ሣር ይግጣል። የሚመላለሰው በአንድ መንገድ ስለሆነ መሬቱ እንደ ቦይ ይጎደጉዳል። በእሱና በውኃው መካከል የቆመን ሰው ደግሞ ያጠቃል። ይህን የሚያስተምረው የባዮሎጂ ክፍል ከእኛ ሕንፃ ቀጥሎ ነበር፤ አራት ዓመት ሙሉ በበሩ አልፌ ምሳ ሄጃለሁ። የሚያውቁት ሽማግሌም አጠገቤ ቆመው ነግረውኛል።

ከባለንብረቱ ጋር ተነጋግረን፣ ወጪውን ተካፍለን፣ ግንቡን በቀድሞው መንገድ ላይ ስድስት ሜትር ያህል ከፈትነው። ለእንግዶች ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ አሸዋው ዝግ ሆነ። ጉማሬው በተከፈተለት ማለፍ ጀምሯል። ነገር ግን ስድስት ዓመት በቆሎ ለምዷልና አንዳንድ ሌሊት አሁንም ማሳው ይገባል። ማማው አልፈረሰም። ልጆቹ የሚያድሩበት ሌሊት ቀንሷል እንጂ አልቀረም።

ለመምህራኖቻችን አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎች ለቅየሳ ልምምድ ወደ መስክ ሲወጡ፣ በማስታወሻቸው ላይ «እዚህ የሚኖረው ሰው ምን አለ?» የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። ያልተሞላ ከሆነም ካርታው አይፈረም። ትንሽ ነገር ነው። እኔ ግን ያን ዓምድ ሞልቼ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሁለት ልጆች ክፍል ውስጥ ባልተኙ ነበር።

 የዛፉን ታሪክ ግን ከዛሬ ጀምሮ ተዉልኝ።